ከመገመት ሽቦውን መጠየቅ

አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ የሠራችውን መሣሪያ በካርቶን ይዛ ወደ ቢሯችን የመጣችበትን ዕለት አንረሳውም። መሣሪያው ቀላል ነበር፤ አንድ የአርዱዊኖ ሰሌዳ፣ ቁጥር የሚያሳይ አነስተኛ መስኮት፣ ዲኤስ1307 የተሰኘችውን የሰዓት ቺፕ የተሸከመች ትንሽ ሰሌዳ፣ እንዲሁም ጥቂት ሽቦዎች። ሰዓት ማሳየት የነበረበት መስኮት ግን «165፡165፡165» ይላል። መቼም መቶ ስልሳ አምስት ሰዓት ከመቶ ስልሳ አምስት ደቂቃ የሚባል ጊዜ የለም። ተማሪዋ የሰዓቷን ሰሌዳ ሦስት ጊዜ ለውጣለች፤ ሽቦዎቹን ቀይራለች፤ ሰዓቱን የሚያነበውን ፕሮግራም ከአንድ ጓደኛዋ፣ ቀጥላም ከሌላው ገልብጣ ሞክራለች። ከቤተሰብ የተላከላት የወር ወጪም በዚሁ አልቋል። በመጨረሻ ካርቶኑን ጠረጴዛችን ላይ አስቀምጣ «መምህር፣ እኔ ለዚህ ሙያ አልተፈጠርኩም መሰለኝ» አለችን።

ይህን አባባል በማስተማር ዘመናችን ከእርሷ ብቻ አልሰማነውም። መብራቱ ካልበራ፣ ሞተሩ ካልዞረ፣ መስኮቱ ትርጉም የለሽ ቁጥር ካሳየ ተማሪዎቻችን ጥፋቱን መጀመሪያ በዕቃው ላይ፣ ቀጥሎ በሻጩ ላይ፣ ገንዘባቸው ሲያልቅ ደግሞ በገዛ ራሳቸው ላይ ይጥላሉ። በዚህ መካከል መደረግ የነበረበት አንድ ነገር ሳይደረግ ይቀራል፤ እርሱም መለካት ነው። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንሞክረውም ይህንኑ ነው። በሽቦ ውስጥ የሚያልፈውን የዲጂታል ምልክት አይቶ መፍረድ ዛሬ ለማንኛውም ተማሪ የሚቻል ሆኗል፤ የሚያስፈልገውም ሎጂክ አናላይዘር የተባለ አነስተኛ መሣሪያና ምንጩ ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ነው። ይህ ዕድል እያለ ተማሪን በግምት እንዲባዝን መተው የእኛ የመምህራን ጥፋት ነው ብለን እናምናለን።

የማይታየው ንግግር

እንደሚታወቀው የዲጂታል ዕቃዎች እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት በሁለት የቮልቴጅ ደረጃዎች ነው። ዝቅተኛው ደረጃ 0፣ ከፍተኛው ደረጃ 1 ተብሎ ይነበባል። ፊደሉ ሁለት ብቻ በመሆኑ ቋንቋው ቀላል ይመስላል፤ የሚያስቸግረው የአነጋገሩ ፍጥነት ነው። አንድ የአርዱዊኖ ሰሌዳ በሴኮንድ 9600 ቢት በሚባለው የተለመደ ፍጥነት ወደ ኮምፒውተር ጽሑፍ ሲልክ አንዲት ቢት በሽቦው ላይ የምትቆየው 104 ማይክሮሴኮንድ ያህል ነው። አንድ ፊደል በመነሻ ቢት ተከፍቶ፣ ስምንት የመረጃ ቢቶች ተከትለውት፣ በመዝጊያ ቢት ይዘጋል፤ በድምሩ አሥር ቢት መሆኑ ነው። ስለዚህ ሙሉው ፊደል ከአንድ ሚሊሴኮንድ እምብዛም በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ አልፎ ይሄዳል። በሽቦው ላይ ትንሽ መብራት ብናስር ዓይናችን የሚያየው ደብዘዝ ያለ ብርሃን ብቻ ነው።

በየላቦራቶሪው የሚገኘው መልቲሜትርስ አይረዳንም ወይ? አንድ ቀላል ሙከራ መልሱን ይሰጠናል። «ዩ» የተባለው የላቲን ትልቁ ፊደል መለያ ቁጥሩ 85 ነው፤ በሁለትዮሽ አጻጻፍ 01010101 ይሆናል። ይህን ፊደል ያለማቋረጥ ብንልክ ከመነሻውና ከመዝጊያው ቢት ጋር ተዳምሮ በሽቦው ላይ 0 እና 1 በእኩል እየተፈራረቁ ይሄዳሉ። በ5 ቮልት በሚሠራ ሰሌዳ ላይ መልቲሜትሩ የሚያነብልን 2.5 ቮልት አካባቢ ነው። ንባቡ ስሕተት የለበትም፤ አማካይ ነው። ይሁንና በሽቦው ላይ 2.5 ቮልት ሆኖ የቆየ ምንም ነገር አልነበረም። ከኮረብታ ላይ ሆኖ ገበያ የሚያዳምጥ ሰው አንድ ወጥ ሆምታ ይሰማል፤ ማን ከማን ጋር በስንት እንደተስማማ ግን ሊያውቅ አይችልም። መልቲሜትርም በዲጂታል ንግግር ፊት እንደዚሁ ነው።

ተማሪዎቻችን ወደ ግምት የሚገቡት እንግዲህ ከስንፍና የተነሣ ላይሆን ይችላል። የሚያዩበት መሣሪያ አልሰጠናቸውም።

ከትልቁ ሣጥን ወደ ትንሿ

ሎጂክ አናላይዘር በርከት ባሉ ሽቦዎች ላይ ያለውን ቮልቴጅ በእኩል የጊዜ ርቀት እየተከታተለ «ከወሰኑ በላይ ነህ ወይስ በታች?» ብሎ የሚጠይቅ፣ መልሱንም 1 ወይም 0 አድርጎ የሚመዘግብ መሣሪያ ነው። እያንዳንዱ ጥያቄና መልስ ናሙና ይባላል። ናሙናዎቹ በጊዜ ቅደም ተከተል ሲደረደሩ በኮምፒውተር መስኮት ላይ ከፍና ዝቅ የሚል መስመር ይሆናሉ፤ ያም መስመር በሽቦው ላይ የተካሄደው ንግግር ቃለ ጉባኤ ነው።

መሣሪያው የተወለደው ከማይክሮፕሮሰሰር ጋር በአንድ ዘመን ነው። ኢንቴል 4004 የተሰኘውን ማይክሮፕሮሰሰር እ.ኤ.አ. በ1971 ለገበያ ካቀረበ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1973፣ ሂውሌት-ፓካርድ የሎጂክ አናላይዘር ስም የያዙ መሣሪያዎቹን አስተዋወቀ። ከዚያ በፊት የነበረው ኦስሲሎስኮፕ የሞገድን ቅርጽ አጥርቶ ያሳይ ነበር፤ ነገር ግን ብዙ መስመሮችን በአንድ ጊዜ ይዞ፣ አንዴ ብቻ የሚከሰትን ቅደም ተከተል መዝግቦ ለማስቀረት የተሠራ አልነበረም። ለብዙ ዓመታት ሎጂክ አናላይዘር ከባድና ውድ ሣጥን ሆኖ በትልልቅ ፋብሪካዎችና በምርምር ተቋማት ብቻ ተወስኖ ቆየ።

በ2000ዎቹ ዓመታት ግን ሁኔታው ተለወጠ። በሴኮንድ እስከ 480 ሚሊዮን ቢት ማስተላለፍ የሚችለው ሁለተኛው የዩኤስቢ ደረጃ ከወጣ በኋላ ብልኅ መሐንዲሶች አንድ ነገር ልብ አሉ። የግል ኮምፒውተር በቂ ማስታወሻ፣ በቂ የማስላት ኃይልና ጥሩ መስኮት ስላለው፣ መሣሪያው ናሙና ወስዶ ከማቀበል የበለጠ ሥራ አያስፈልገውም። ስምንት መስመሮችን በሴኮንድ 24 ሚሊዮን ጊዜ ብናነብ የምናገኘው 192 ሚሊዮን ቢት ነው፤ ይህም በዩኤስቢው አቅም ውስጥ ያለ መጠን ነው። በመሆኑም የቀድሞው ከባድ ሣጥን የክብሪት ሣጥን ታህል ወደሆነች ዕቃ ተለወጠ። ዛሬ እንዲህ ያለችው ባለ ስምንት መስመር መሣሪያ በዓለም ገበያ በአሥር የአሜሪካ ዶላር አካባቢ ትሸጣለች። ተማሪዋ በከንቱ ከለወጠቻቸው ሰሌዳዎች ዋጋ ጋር የማይራራቅ ገንዘብ ነው።

ምንጩ ክፍት መሆኑ ምን ይጠቅማል?

ትንሿ ዕቃ ብቻዋን ዝም ያለች ናት፤ የሚያናግራት ሶፍትዌር ነው። በዚህ ረገድ በ2010 የተጀመረው ሲግሮክ የተባለው ሥራ ሊጠቀስ ይገባዋል። ሲግሮክ ከልዩ ልዩ ፋብሪካዎች የወጡ የመለኪያ መሣሪያዎችን በአንድ ቋንቋ የሚያናግሩ የሶፍትዌር ክፍሎች ስብስብ ነው፤ በመስኮት ሞገድ የሚያሳየው ክፍሉም ፐልስቪው ይባላል። በሊኑክስም በዊንዶውስም ይሠራል፤ አንዴ ከተጫነ በኋላ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። በመሣሪያዋ ቺፕ ውስጥ የሚጫነው አነስተኛ ፕሮግራም እንኳ በክፍት ምንጭ ተዘጋጅቶለታል።

ብዙዎች ስለ ክፍት ምንጭ ሲያነሡ በነጻ የሚገኝ መሆኑን ያስቀድማሉ። ለኪሳችን ደግ መሆኑን አንክድም፤ እንደ ሳይንስ መምህራን ግን የሚያስደስተን ሌላው ጠባዩ ነው። የሲግሮክ ዲኮደሮች፣ ማለትም የ0 እና የ1ን ሰልፍ ወደሚነበብ ቃል የሚፈቱት ክፍሎች፣ የተጻፉት ብዙ ተማሪዎች በሚያውቁት በፓይተን ቋንቋ ነው። አንድ ተማሪ መስኮቱ ላይ ፊደል ሲያይ «ይህን እንዴት አወቅህ?» ብሎ ሶፍትዌሩን ሊጠይቅ ይችላል፤ መልሱም ፊት ለፊቱ ተጽፎ ይገኛል። መስመሩ ከ1 ወደ 0 የወረደበትን ቅጽበት የመነሻ ቢት አድርጎ እንደሚይዝ፣ ከዚያም በእያንዳንዱ ቢት እኩሌታ ላይ ሆኖ እንደሚያነብ ራሱ አንብቦ ይረዳል። በሳይንስ አሠራሩ የማይታይ መለኪያ በእምነት የሚወሰድ ነገር ነው፤ አሠራሩ የሚታይ መለኪያ ግን ሊመረመርና ሊታረም ይችላል።

የሲግሮክ ዲኮደሮች ከመቶ በላይ ናቸው። ይህን ሁሉ አንድ ሰው ልጻፍ ቢል ዕድሜው አይበቃውም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንዲሉ፣ አንዱ የሙቀት መለኪያውን፣ ሌላው የማስታወሻ ካርዱን፣ ሦስተኛው የሪሞት ኮንትሮሉን ቋንቋ እየፈታ ስላዋጣ ለሁሉም ተረፈ። ነገ ከእናንተ መካከል አንዱ ያልተፈታ ቋንቋ አግኝቶ ሎሚውን የማያክልበት ምክንያት አይታየንም።

የ165 ምሥጢር

ወደ ተማሪዋ ካርቶን እንመለስ። የሰዓቷ ቺፕና አርዱዊኖው የሚነጋገሩት ፊሊፕስ በ1982 በፈጠረው አይ-ቱ-ሲ በተባለው ሥርዓት ነው። ሥርዓቱ ሁለት ሽቦ ብቻ ይጠቀማል፤ አንዱ መረጃ ይሸከማል፣ ሌላው ክሎክ ይባላል፤ ምቱን ይቆጥራል። በነዚህ ሁለት ሽቦዎች ላይ ብዙ ቺፖች ሊጣዱ ስለሚችሉ እያንዳንዳቸው ባለ ሰባት ቢት አድራሻ አላቸው። አዛዡ አድራሻውን ይጠራል፤ በስምንተኛው ቢት «ልጻፍ» ወይም «ላንብብ» ይላል፤ በዘጠነኛው ምት ላይ የተጠራው ቺፕ የመረጃውን ሽቦ ወደ 0 ጎትቶ «አቤት» ይላል። ማንም ካልጎተተው ሽቦው በ1 ይቆያል፤ ይህም «የተጠራው የለም» ማለት ነው።

መሣሪያችንን በሁለቱ ሽቦዎች ላይ አያይዘን፣ የግራውንድ መስመሩን አገናኝተን፣ በሴኮንድ አንድ ሚሊዮን ናሙና እንድትወስድ አዘዝናት። ቺፗ በሴኮንድ ከ100 ሺህ ምት በላይ ስለማትሠራ ለእያንዳንዱ ምት ቢያንስ አሥር ናሙና ይደርሰዋል። ፐልስቪው ላይ የአይ-ቱ-ሲን ዲኮደር ስንመርጥ ከሞገዱ ሥር ጽሑፉ ወጣ። ተማሪዋ መጀመሪያ ያስተዋለችው «አቤት» የሚለው መልስ መኖሩን ነው። «መልሳለቻ! ታዲያ ለምን አትሠራም?» አለች። «ማን ነው የተጠራው?» ብለን ጠየቅናት። ዝቅ ብላ አነበበች፤ አድራሻው 1010000፣ ማለትም 80 ነበር። የሰዓቷ ቺፕ አድራሻ ግን 1101000፣ ማለትም 104 ነው።

ፕሮግራሙን ስናይ የተጻፈው ከሁለቱም የተለየ ቁጥር ሆኖ አገኘነው፤ 208 ይላል። ምሥጢሩ እዚህ ላይ ነው። አንዳንድ ሰነዶች አድራሻውን የሚጽፉት ከስምንተኛው ቢት ጋር ደምረው ነው፤ 1101000 ከኋላው 0 ሲጨመርበት 11010000 ይሆናል፤ ይህም 208 ነው። የአርዱዊኖው ፕሮግራም ግን ባለ ሰባት ቢቱን አድራሻ ይጠብቃል፤ ስምንተኛውን የሚጨምረው ራሱ ነው። ስለዚህ 208ን ተቀብሎ አኃዞቹን አንድ ቦታ ወደ ግራ ገፋቸው፤ ቦታው ስምንት ብቻ በመሆኑ ከፊት የነበረው 1 ወድቆ ቀረ፤ የተረፈውም 80ን የሚጠራ አድራሻ ሆነ።

ታዲያ «አቤት» ያለው ማን ነው? በዚያች ትንሽ ሰሌዳ ላይ ከሰዓቷ ቺፕ ጎን አንዲት የማስታወሻ ቺፕ ተቀምጣለች፤ አድራሻዋም 80 ነው። ስሟ ሲጠራ በትሕትና መለሰች፤ ምንም ያልተጻፈባት አዲስ በመሆኗም ያላትን ሰጠች፤ በየቦታው 11111111፣ ማለትም 255። የሰዓት ፕሮግራሙ ደግሞ አሥር ቤቱንና አንድ ቤቱን በአራት በአራት ቢት ከፍሎ ስለሚያነብ በሁለቱም በኩል 1111ን፣ ማለትም 15ን አገኘ። አሥራ አምስት ጊዜ አሥር ሲደመር አሥራ አምስት 165 ነው።

የሰዓቷ ቺፕ አንድም ጊዜ ስላልተጠራች ከመጀመሪያው ጀምሮ ደኅና ነበረች። ከሦስቱ ሰሌዳዎች አንዳቸውም ብልሽት አልነበረባቸውም። ተማሪዋ 208ን አጥፍታ 104 ብላ ጻፈች፤ ሰዓቷም ቆጠረች። ሙሉ ምርመራው ከአንድ የሻይ ዕረፍት ያነሰ ጊዜ ወሰደ። ከሁሉ በላይ ያስደሰተን ግን ሰዓቷ መቁጠሯ አይደለም፤ ተማሪዋ ቁጥሩ ለምን በትክክል 165 እንደሆነና ሌላ ቁጥር ሊሆን እንደማይችል ወረቀት ላይ አስልታ ማሳየቷ ነው። ያን ጊዜ ለሙያው ስላለመፈጠሯ አላነሣችም።

መሣሪያውም ያሳስታል

የሎጂክ አናላይዘርን ጥቅም ስንናገር ድክመቱን ብንሸሽግ አንባብያንን በድለናል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ነውና፣ መሣሪያውን ከመያዝ በፊት ሦስት ነገሮችን ማወቅ ይገባል።

አንደኛው የናሙና ፍጥነት ነው። በናሙና እና በናሙና መካከል የሆነውን መሣሪያው አያውቅም። በሴኮንድ 24 ሚሊዮን ናሙና እየወሰድን የአርዱዊኖን የ16 ሜጋኸርትዝ ክሎክ ብንመዘግብ መስኮቱ ላይ የምናየው 8 ሜጋኸርትዝ ነው፤ ይህም የሁለቱ ቁጥሮች ልዩነት ነው። በፊልም ላይ የሠረገላ ጎማ ወደኋላ የሚዞር የሚመስለን በዚሁ ምክንያት ነው። የናሙና ፍጥነት ከምልክቱ ድግግሞሽ ከእጥፍ በላይ መሆን እንዳለበት ንድፈ ሐሳቡ ያስተምራል፤ በተግባር ግን አራት እጥፍ፣ ቢቻል አሥር እጥፍ ማድረግ ይመከራል።

ሁለተኛው የወሰን ጉዳይ ነው። በተለመደው የቲቲኤል ደረጃ ከ0.8 ቮልት በታች 0፣ ከ2 ቮልት በላይ 1 ነው፤ በመካከል ያለው ግን ባለቤት የሌለው መሬት ነው። ሎጂክ አናላይዘር ይህን መካከለኛ ቮልቴጅ ሲያገኝ «አላውቅም» አይልም፤ 0 ወይም 1 ብሎ ይጽፋል። ረጅም ሽቦ ላይ ምልክቱ ቀስ ብሎ እየወጣ፣ እየተንቀጠቀጠም ሊሆን ይችላል፤ የሎጂክ አናላይዘር ሥዕል ግን ሁልጊዜ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። የሞገዱን እውነተኛ ቅርጽ ለማየት ኦስሲሎስኮፕ ያስፈልጋል። አንዱ የተነገረውን ቃል፣ ሌላው የተናጋሪውን ድምፅ ይመረምራል ብንል አያስኬድም አይባልም።

ሦስተኛው የደኅንነት ጉዳይ ሲሆን በቀልድ የሚታይ አይደለም። የእነዚህ መሣሪያዎች ግራውንድ ከኮምፒውተሩ ግራውንድ ጋር በቀጥታ የተገናኘ ነው፤ መግቢያዎቻቸውም የተሠሩት ለ5 ቮልት አካባቢ ነው። ከግድግዳው 220 ቮልት ጋር በቀጥታ የተያያዘ ዕቃ ላይ፣ ለምሳሌ በርካሽ የኤልኢዲ አምፖሎች ውስጥ ባለው ሰሌዳ ላይ፣ በፍጹም መታሰር የለባቸውም። እንዲህ ያለው ስሕተት መሣሪያውንና ኮምፒውተሩን ከማቃጠል አልፎ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። ጀማሪ ሁሉ በባትሪ ወይም በዩኤስቢ በሚሠራ ዕቃ ላይ ብቻ ይለማመድ።

እነዚህ ሦስት ነጥቦች ለእኛ ለፊዚክስ መምህራን በረከት ናቸው። የናሙና ንድፈ ሐሳብን፣ የኮንዳክተርንና የኬፓሲተርን ጠባይ፣ የቮልቴጅን አንጻራዊነት በሰሌዳ ላይ ከምንጽፈው ይልቅ መሣሪያው አንዴ ሲያሳስታቸው ተማሪዎቻችን አጥብቀው ይይዙታል።

ለሚነሡ ተቃውሞዎች

አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቻችን «ሶፍትዌሩ ሁሉን ከፈታላቸው ተማሪዎቹ ማሰብ ያቆማሉ» ይላሉ። ስጋቱ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ከላይ እንዳየነው ዲኮደሩ የነገረን «80 ተጠራ፣ 80 መለሰ» የሚለውን ብቻ ነው፤ ከ208 እስከ 165 ያለውን መንገድ የተጓዘችው ተማሪዋ ናት። ማሰብን የሚገድለው ማስረጃ ማጣት እንጂ ማስረጃ ማግኘት አይደለም። ስጋቱ ላለበት መምህርም መፍትሔ አለው፤ የመጀመሪያውን ፊደል ተማሪው ዲኮደር ሳይጠቀም ከሞገዱ ላይ በእጁ ይፍታ።

ሌሎች ደግሞ ከእነዚህ ርካሽ ዕቃዎች አንዳንዶቹ የሌላ ፋብሪካ ሥራ ቅጂ መሆናቸውን ያነሣሉ። እውነት ነው፤ የሌላውን መለያ ቁጥር ለብሰው የባለቤቱን ሶፍትዌር እንዲጠቀሙ ሆነው የሚሸጡ አሉ። ይህ ነውር ነው እንላለን፤ ተማሪዎቻችንም የሰው ድካም እንዳይወስዱ እንመክራለን። ምንጩ ክፍት የሆነው መንገድ ከዚህ ነውር የሚያወጣ ነው፤ ጸሐፊዎቹ ፈቅደው በሰጡት ሶፍትዌር፣ በሕጋዊ ፈቃድ የሚሠራ ነውና።

«ገንዘብ የለንም» የሚለው ተቃውሞ ደግሞ በጥሞና ሊታይ ይገባዋል። የውጭ ምንዛሬና የግዢ ሥርዓት አስቸጋሪነት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ በአንድ የትምህርት ተቋም ላቦራቶሪ ውስጥ ያየነው ነገር ከገንዘብ እጥረት ይበልጥ አሳዝኖናል። ጥሩ መሣሪያዎች እስከ ላስቲካቸው በቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፈው ተቀምጠዋል፤ ምክንያቱ ሲጠየቅ «ተማሪ ያበላሻቸዋል» የሚል ነበር። ማንም ያልነካው መሣሪያ አልተበላሸም፤ ማንንም ግን አላስተማረም። የትንሿ መሣሪያ አንዱ ጸጋ ርካሽነቷ ነው፤ ተማሪ ቢያቃጥላት እንኳ ያቃጠለበት ምክንያት ከዋጋዋ የሚበልጥ ትምህርት ነው።

ምን ይደረግ?

በውጭ አገር ለዶክትሬት ስንማር የሙከራ መሣሪያችን አልታዘዝ ብሎን ሁለት ሳምንት ያህል ክፍሎችን ስንነቅልና ስንተክል ባጅተን ነበር። በላቦራቶሪው የነበሩ አንድ አዛውንት ቴክኒሻን ምርመራችንን በትዕግሥት ከሰሙ በኋላ «ለክታችሁታል ወይስ ገምታችኋል?» ብለው ጠየቁን። አፈርን። ያ ጥያቄ ከብዙ ትምህርታችን ይልቅ እስከ ዛሬ አብሮን አለ።

እኛም ለተማሪዎቻችን ይህንኑ ጥያቄ ማውረስ እንፈልጋለን። ለዚህም ሦስት ነገሮችን እንጠይቃለን። የትምህርት ክፍሎች በእያንዳንዱ የኤሌክትሮኒክስ ላቦራቶሪ ጠረጴዛ ላይ አንድ ሎጂክ አናላይዘር ያኑሩ፤ ቁልፍም አይደረግበት። መምህራን የመመረቂያ ሥራን ሲመዝኑ መብራቱ በራ አልበራም ከማለት አልፈው ከሽቦው ላይ የተወሰደ ምዝገባና የተማሪው ማብራሪያ እንዲቀርብ ያድርጉ፤ ያልሠራ ነገር ግን ለምን እንዳልሠራ በማስረጃ የተብራራ ሥራ፣ ለምን እንደሠራ ከማይታወቅ ሥራ የተሻለ ነጥብ ይገባዋልና። ተማሪዎች ደግሞ አራት አምስት ሆነው አንድ መሣሪያ በጋራ ይግዙ፤ ችግራቸውንም አይደብቁ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል፤ የመሣሪያንም በሽታ የሚደብቅ ተማሪ መጨረሻው ራሱን መውቀስ ነው።

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችም ሊጀምሩ ይችላሉ። በየቤቱ ያለው የቴሌቪዥን ሪሞት ኮንትሮል በማይታይ ብርሃን ይናገራል። ከአሮጌ ዕቃ ላይ የተነቀለ የኢንፍራሬድ መቀበያ፣ በባትሪ የሚሠራ 5 ቮልትና አንድ የመሣሪያዋ መስመር ይበቃሉ። ኤንኢሲ በተሰኘው የተለመደ ሥርዓት ከሆነ የሚናገረው፣ መጀመሪያ ዘጠኝ ሚሊሴኮንድ የሚቆይ ጥሪ፣ ቀጥሎ የአራት ሚሊሴኮንድ ተኩል ዝምታ፣ ከዚያም 32 ቢት ታያላችሁ። ትእዛዙ ከተላከ በኋላ ያው ትእዛዝ 0ው 1፣ 1ዱ 0 ሆኖ ተገልብጦ ይደገማል። ለምን ይመስላችኋል? መልሱን ከመንገራችን በፊት ሽቦውን ጠይቁት፤ በመቀበያው ፊት እጃችሁን እያወዛወዛችሁ፣ የተበላሸ መልእክት ሲመጣ ምን እንደሚሆን ተመልከቱ።

ያቺ ተማሪ ካርቶኗን ይዛ ከወጣች ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሁለት የክፍል ጓደኞቿን አስከትላ መጣች። የአንደኛው የሙቀት መለኪያ አልሠራ ብሎታል። እኛ አፋችንን ከመክፈታችን በፊት እርሷ ዞር ብላ «ለክተኸዋል ወይስ ገምተኸዋል?» አለችው። መሣሪያዋን ከመሳቢያችን አውጥተን ሰጠናቸው፤ መሳቢያውንም ከዚያ ወዲህ ቆልፈነው አናውቅም።